ባዶ የማይመለስ ድስት

በእኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ወልዳለች። ማንም አልነገረኝም፤ ያወቅኩት ከሽታው ነው። ማክሰኞ ዕለት ቆሻሻ ልጥል ወደ ኮሪደሩ ስወጣ ከኤሌቬተሩ አጠገብ ካለው ቤት በር ሥር የዝንጅብል፣ የጥቁር ኮምጣጤና የስኳር ሽታ ተቀላቅሎ ይወጣል። ስካርቦሮ ውስጥ እኔ በምኖርበት ሕንፃ ቻይናውያን ብዙ ስለሆኑ ሁልጊዜ የሚበስል ነገር አይጠፋም። ይህ ግን የአዘቦት ወጥ አይደለም። ለአራስ ብቻ ነው የሚሠራው። የቆሻሻውን ከረጢት እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ባለቤቴ ከተቀበረ ወዲህ የሰው ምግብ ሰልችቶኛል። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ደጎች ናቸው። ከቶርንክሊፍ ፓርክ ተነሥተው፣ አውቶቡስ እየቀያየሩ፣ በዚህ በረዶ ድስት ታቅፈው ይመጣሉ። ፍሪዘሬ አልዘጋ ብሏል። ችግሩ ከመጡ በኋላ ቁጭ ብለው አፌን ማየታቸው ነው።

"ኮል አድርጌልሽ ነበር፣ አታነሺም እኮ። ዛሬስ ቀመስሽ?" ትለኛለች አንዷ።

"ቀምሻለሁ።"

"ምን ቀመስሽ?"

ልክ እንደ ፖሊስ ነው የምትጠይቀኝ። ሌላዋ ደግሞ እኔ እዚያ የሌለሁ ይመስል "ተያት እስቲ፤ አታዪም እንዴት እንደከሳች?" ትላታለች። ሲሄዱ በሩን ዘግቼ የመጣውን ድስት ከሌሎቹ ላይ እደርባለሁ።

ያ የኮምጣጤ ሽታ ባለቤቴን አላስታወሰኝም፤ እርሱ አያውቀውም። ያስታወሰኝ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ጓንዡ የምትባል የቻይና ከተማ የከረምኩበትን ጊዜ ነው። እንደዚያ ወራት ተበሳጭቼ አላውቅም። ቀስ እያልኩ ልጽፈው ነው፤ የሚያጣድፈኝ ሰው የለም።

አባዬ የውሃ ምህንድስና ለመማር ስኮላርሺፕ አግኝቶ ከእኛ ቀድሞ ሄዶ ነበር። በክረምት ለእረፍት መጥቶ ሲመለስ እማዬ አርግዛ ቀረች። "ብቻዬን አልወልድም" አለችና እኔን ይዛ ተከተለችው። አያቴን ይህ ነገር በጭራሽ አልገባትም። "እናትሽና እህቶችሽ እዚህ ተኮልኩለን ነው ብቻሽን የምትወልጂው?" ብላታለች። የሆነ ሆኖ ለአራስነቷ የሚሆን የገንፎ ዱቄት በላይ በላዩ በፕላስቲክ ጠቅልላ፣ ቅቤና ቆሎ ጨምራ ሸኘችን።

እማዬ እኔን እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ለማስገባት ብዙ ደክማለች። በእርሷ ሐሳብ ዓለም የሚናገረው ሁለት ቋንቋ ነው፤ እኛ አማርኛ፣ የቀረው ሕዝብ እንግሊዝኛ። ስለዚህ ጓንዡ እንደደረስን የቤቱ አፍ እኔ ሆንኩ። አባዬ ቀኑን ሙሉ ቤተ ሙከራ ነው። እማዬ ሆዷን ይዛ፣ እኔን ከፊት አስቀድማ ገበያ ትወጣለች።

"ምስር አላት ወይ? ጠይቂያት።"

በእንግሊዝኛ እጠይቃለሁ። ሻጯ ትስቅና ጎረቤቷን ትጠራለች። ጎረቤቷ ሌላ ሰው ትጠራለች። አንድ ሰውዬ ሹሩባዬን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ያየዋል።

"ጮክ ብለሽ ንገሪያት እንጂ።"

"እማዬ፣ እንግሊዝኛ አታውቅም እኮ።"

"ታዲያ እኔ ለምንድን ነው ያስተማርኩሽ?"

ምስር ሳንገዛ፣ ያልጠየቅነውን ጎመን ይዘን እንመለሳለን።

እንግሊዝኛ የማያውቁት እንዲህ ሲያደርቁኝ የሚያውቁት ደግሞ እንደ አውሬ ያድኑኝ ነበር። አውቶቡስ ላይ መነጽር ያደረገ ወጣት አጠገቤ ይቀመጥና፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያዬ ምን እንደሆነ ይጠይቀኛል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ትርፍ ጊዜ ምን እንደሆነም አላውቅም። መልስ ሳልሰጠው የራሱን ይነግረኛል፤ ሁሉም የሚወዱት የጠረጴዛ ቴኒስና ሙዚቃ ነው። ግቢያችን በር ላይ ደግሞ እናቶች ልጆቻቸውን እየገፉ ወደ እኔ ያመጧቸዋል። ንፍጡ የሚዝረከረክ ልጅ ፊቴ ቆሞ የፍራፍሬ ስም ይዘረዝርልኛል። እናቱ እኔን ታያለች፤ ትክክል ነው ማለት አለብኝ። "ሃሎ! ሃሎ!" የማይለኝ የዛፍ ላይ ወፍ ብቻ ነበር። አንዳንድ ቀን ዲዳ ነኝ ብዬ ባስመሰልኩ እል ነበር፤ እማዬ ግን አጠገቤ ሆና "ሰው ሲያናግርሽ መልሺ፣ ምን ያለሽ ባለጌ ነሽ" ትለኛለች።

ከሁሉ የባሱት ግን እትዬ ሁዋ ነበሩ።

እትዬ ሁዋ ሊፍት በሌለው ሕንፃችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከበራችን ትይዩ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ አብሯቸው የሚኖረው ልጃቸው ከሥራ የሚመለሰው ሲመሽ ነው። የሰፈሩ ልጆች "ፖፖ" ነው የሚሏቸው፤ በእነርሱ አያት ማለት ነው። እማዬ ትልቅ ሴት በዚያ ስም አልጠራም ብላ "እትዬ" አለቻቸው፤ እርሳቸውም ሲጠሩ አቤት ማለት ጀመሩ። አባዬ አንድ ዓመት ሙሉ የተማረው ቻይንኛ በመላ አገሩ የሚሠራበት የመንግሥት ቻይንኛ ነው። እርሳቸው የሚናገሩት የአካባቢውን ስለሆነ ለእርሳቸው እርሱም ከእኔ አይሻልም ነበር።

ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ካዩኝ ጠርሙሱን ከእጄ ይነጥቁና ቤታቸው ገብተው የፈላ ውሃ ያመጡልኛል። ያን በመሰለ ሙቀት ላብ በጀርባዬ እየወረደ ፍል ውሃ እየነፋሁ እጠጣለሁ፤ እስክጨርስ አይሄዱም። ያለ ካልሲ ካገኙኝ ደረጃው ላይ ቁርጭምጭሚቴን ጨብጠው፣ በረዶ የነኩ ይመስል ይጮኻሉ። በራችን ክፍት ከሆነ ይገባሉ፤ ካልተከፈተም እስኪከፈት ያንኳኳሉ።

"ይህቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው?" ትላለች እማዬ፤ ከዚያ እርሳቸውን ቀና ብላ እያየች በፈገግታ "ይግቡ፣ ይግቡ እትዬ።"

ቤታቸው አንድ መደርደሪያ ላይ የሽማግሌ ፎቶግራፍ አለ። ከፊቱ ሁልጊዜ አንድ ሳህን ሩዝ፣ ብርቱካንና ቾፕስቲክ ተቀምጧል። እኔ ባላቸው ሥራ ያመሹ መስሎኝ ነበር። ምግባቸው እየቀዘቀዘ ለምን እንደማይመጡ እማዬን ስጠይቃት "ሞተዋል እኮ። እዚያ የተቀመጠውን እንዳትነኪ" አለችኝ፣ በጆሮዬ። "ታዲያ ለምን ይበስልላቸዋል?" አልኳት። መልሱን እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ ግን ባለፈው ሳምንት ሱቅ ገብቼ ባለቤቴ ብቻ ይበላው የነበረውን በርበሬ የበዛበት ሰርዲን ገዝቼ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው የነቃሁት።

ትናንት እዚህ ላይ አቁሜ ነበር። ልቀጥል።

የእማዬ መውለጃ ሲቃረብ አየሩ ተበላሸ። ዝናብ ሳይሆን ዝም ብሎ እርጥበት ነው። ግድግዳው ያልበዋል፣ የደረጃው ወለል ውሃ የተደፋበት ይመስላል፣ ያጠብነው ልብስ ከሰቀልነው ጊዜ ይልቅ እያደር ይረጥባል። የአባዬ የቆዳ ጫማ አረንጓዴ ጸጉር አበቀለ። እማዬ ቤቱ ይድረቅ ብላ መስኮቱን ሁሉ ወለል አድርጋ ትከፍታለች። እትዬ ሁዋ እየጮኹ ገብተው አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ሲወጡ እማዬ ትከፍታለች። ተመልሰው ይዘጋሉ።

"በገዛ ቤቴ መስኮት!" አለች እማዬ። "ንገሪያት፣ አየር ያስፈልገናል በያት።"

በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ዘጉት።

እርጥበቱ የሚገባው ከውጭ፣ በምንከፍተው መስኮት እንደሆነ የገባን የአያቴን ዱቄት ስንፈታ ነው። ሻግቷል፤ እስከ ታች። እማዬ ጣቷን ከታ አወጣችና አሸተተችው። አባዬ ከላይ ከላይ አንሥተን ደህናውን እንለየው አላት። ደህና የሚባል አልነበረውም።

እህቴ ብሌን የተወለደችው በዚያው ሰሞን ነው። ከሆስፒታል ሲመለሱ ደረጃው ላይ የሚጠብቅ ሰው ከእኔ በቀር አልነበረም። እኛ አገር አራስ ብቻዋን አትተውም፤ አንዷ ስትወጣ አንዷ ትገባለች፣ ገንፎው ይገነፋል፣ ሳቁ እስከ ውጭ ይሰማል። እማዬ ተኝታ በሩን ታያለች። አባዬ ከሱቅ በገዛው ዱቄት ገንፎ ልሥራ ብሎ አንድ ነገር ሠራ፤ ማንኪያው ተተክሎ ቀረ። እርሱ ራሱ እንኳ "ፖስተር መለጠፊያ ሆነ" አለ። እማዬ አልሳቀችም። ሁለቴ ቀምሳ ሳህኑን ገፋችው።

ከዚያ በኋላ መብላት ተወች። ሩዙንም፣ ዳቦውንም፣ ሾርባውንም። ተቆጥታ ወይ አልቅሳ ቢሆን ይሻለን ነበር። "አልራበኝም" ብላ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ብሌን ጡት ይዛ ትስብና፣ የሚመጣ ነገር ሲጠፋ ታለቅሳለች፤ የዱቄት ወተት ስንሰጣት ትመልሰዋለች። ድምጿ እያነሰ ሲሄድ እኔ ጨዋ ልጅ እየሆነች ነው ብዬ ነበር። አንድ ቀን እንግሊዝኛ የሚችል ሐኪም ጋ ስንወስዳት ከእጁ ሳያወርዳት አባዬን "እናትየው መብላት አለባት። የእናቷ ወተት ካልመጣ ይህቺ ልጅ አትቆይም" አለው። ያን ሁሉ ጊዜ እንግሊዝኛ ለምን እንዳስተማሩኝ ሲገባኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ባልገባኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ሁዋ መምጣት የጀመሩት ገና እነ እማዬ ከሆስፒታል እንደተመለሱ ነው። በሁለት እጃቸው የሸክላ ድስት ይዘው፣ በሩን በክርናቸው ገፍተው ገቡ። መስኮት ዘጉ፤ እማዬም "ይዝጉት፣ ብርድ ይመታኛል" አለች። ጭንቅላቷን በፎጣ ሸፈኑላት፤ እማዬ ራሷ ሻሿን ፈልጋ ደረበችበት። ቀዝቃዛ ውሃውን ከራስጌዋ አነሡት፤ እማዬ አመሰገነቻቸው። ለካ ስለ አራስ በሁሉም ነገር ይስማማሉ። ከዚያ ድስቱ ተከፈተ። ዝንጅብል፣ ጥቁር ኮምጣጤ፣ ስኳር፣ ሙሉ ሙሉ የተቀቀለ እንቁላል፣ በመካከሉም ከነሰኮናው የአሳማ እግር።

እማዬ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች።

እኛ ጴንጤዎች ነን፤ የሚከለክለን ሕግ የለም። አባዬ ይህን ሊያስረዳት ሞከረ። "አስቴር፣ ጳውሎስ ያለውን ታውቂዋለሽ። ሁሉን በምስጋና ብንቀበል..."

"ጳውሎስ ይብላው" አለች እማዬ። "ጳውሎስ አራስ ሆኖ አያውቅም።"

ግን ለአራስ የመጣን ምግብ አልፈልግም ማለት ነውር ነው፤ መድፋትም ኃጢአት። ስለዚህ እትዬ ሁዋ ሲወጡ አባዬ ድስቱን ይዞ ሽታው እንዳይረብሻት ወደ ጣሪያው በሚያወጣው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ይበላዋል። ሳንቲም የምትቆጥር የተማሪ ኑሮ ነበረችና፣ እውነቱን ለመናገር አልከበደውም። ድስቱ ሲታጠብ ደግሞ እማዬ ከትራሷ ቀና ትላለች። ቀኑን ሙሉ ቀና የምትለው ለዚህ ብቻ ነበር።

"የሰው ዕቃ ባዶ እንዳትመልሱ።"

ቆሎ ጨምረን መለስነው። እትዬ ሁዋ ቆሎውን አይተው ዓይናቸው በራ። ድስቱ አልቆ፣ ታጥቦ፣ በላዩ ስጦታ! በማግስቱ ከፊተኛው የሚበልጥ ድስት መጣ። ብስኩት ጨምረን መለስን። ከዚያም የሚበልጥ መጣ። ቆሎው አለቀ፣ ብስኩቱም አለቀ፣ ስኳር በወረቀት ጠቅልለን መለስን። የእርሳቸው ድስት እያደገ፣ አባዬ ጉንጭ እያወጣ፣ እማዬ እየቀለጠች ሄደች።

"አሳማ አንበላም ብለሽ ንገሪያቸው" አለኝ አባዬ በመጨረሻ።

"በምን?"

"በሆነ ነገር።"

ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። ድስቱን አመለከትኩ፣ አፍንጫዬን በጣቴ ወደ ላይ ገፍቼ እንደ አሳማ አጉረመረምኩ፣ እማዬ ወዳለችበት ጠቆምኩ፣ እጄን አወናጨፍኩ። እስኪያነቡ ሳቁ። ጉንጬን ቆነጠጡኝ። በማግስቱ ድስቱ ውስጥ አራት እግር ነበር፤ አንድ ሙሉ አሳማ መቆም የሚችልበት። እኔ ጨምሩልን ያልኩ መስሏቸዋል። ያን ቀን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፎጣውን ነከስኩት።

ከዚያ አንድ ቀትር ላይ እትዬ ሁዋ ጣሪያ ላይ የሰቀሉትን ልብስ ሊያዩ ወጡ። አባዬ የላይኛው ደረጃ ላይ፣ ድስቱን በጉልበቶቹ መካከል አድርጎ፣ የአሳማውን እግር በሁለት እጁ ይዞ እየጋጠ ነበር። እኔ አጠገቡ ነኝ።

ቆመው አዩት። ድስቱን አዩ። ጉንጩን አዩ። ከዚያ ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ።

ትከሻው ላይ መቱት። ደግሞ መቱት። አባዬ አፉ እንደሞላ በተማረው ቻይንኛ ይቅርታ ይጠይቃል፤ እርሳቸው በራሳቸው ቋንቋ የሚሉት ለመተርጎም አያስቸግርም ነበር፤ አራስ ሚስቱን አስርቦ የእርሷን ምግብ ተደብቆ የሚበላ ወንድ በየትኛውም አገር የሚባለውን ነው። የየፎቁ በር ተከፈተ።

"ንገሪያቸው እንጂ!" ይለኛል አባዬ በክንዱ እየተከላከለ።

በእንግሊዝኛ ጮኽኩ። ማንም አልሰማኝም። ሲያቅተኝ በአማርኛ "አትበላም! ምንም አትበላም እኮ! ምንም!" ብዬ አለቀስኩ። እትዬ ሁዋ እጃቸውን ገቱ። አዩኝ። ጫማቸውን አጥልቀው ድስቱን በአንድ እጅ፣ እኔን በሌላው ይዘው ቁልቁል ወደ ቤታችን ወረዱ።

እማዬ ጩኸቱን ሰምታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። አባዬ ከኋላችን ሸሚዙ ኮምጣጤ ጠጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

"ምንድን ነው?"

"የአራስ ምግብ ቀማኛ ተብዬ ተገረፍኩ" አላት።

አየችው። ጉንጩን፣ ሸሚዙን፣ ጺሙ ላይ የተጣበቀውን ዝንጅብል። ከዚያ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። "አታስቁኝ... ስፌቱ... አታስቁኝ በእናታችሁ" እያለች ሳቀች፤ ከወለደች ወዲህ ድምጿን እንደዚያ ስሰማው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

እትዬ ሁዋ አልሳቁም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የእማዬን የእጅ አንጓ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ዙሪያውን ያዙት። ጣታቸው ተገናኝቶ አለፈ። ፊታቸው ተለወጠ። ከድስቱ አንድ ጠቆር ያለ እንቁላል በቾፕስቲክ አወጡ፣ ከዚያ ቾፕስቲኩን አስቀመጡና በጣታቸው ለሁለት ሰነጠቁት። ግማሹን ወደ አፏ ዘረጉ፤ ሌላውን እጃቸውን እንዳይንጠባጠብ ከአገጯ ሥር አደረጉ። ልክ እኛ ስናጎርስ እንደምናደርገው።

"እንቁላል ነው፣ አስቴር" አለ አባዬ ቀስ ብሎ። "እንቁላል ብቻ ነው።"

"ከምን ጋር እንደተቀቀለ አላውቅምና ነው?"

የእትዬ ሁዋ እጅ አልተመለሰም። አሮጊት ናቸው፤ ክንዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ እንቁላሉም አብሮ ተንቀጠቀጠ። እማዬ እጁን አየች። አልጋው ውስጥ ያለችውን ብሌንን አየች። አፏን ከፈተች።

ረጅም ጊዜ አኘከች። እንባዋ በጉንጯ ወርዶ አገጯ ሥር ያለው መዳፍ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

"ጨው የለውም" አለች ስትውጠው።

ሁለተኛውን ግማሽ ተቀበለች። ሦስተኛውን ስትጎርስ ማውራት ጀመረች፣ በአማርኛ፣ በቀጥታ ለእርሳቸው። "እናቴ ለቅማ፣ ቆልታ፣ ፈጭታ ነው የላከችልኝ እትዬ፤ ሻገተብኝ እኮ። ምን ብዬ እነግራታለሁ?" እትዬ ሁዋ በራሳቸው ቋንቋ ረጅም ነገር መለሱላት። እማዬ አቋርጣ ሌላ ጨመረች። እርሳቸውም ሳያስጨርሷት መለሱ። እኔ እንደ ልማዴ በመካከላቸው ቆሜ እንዲህ በያት እስክባል እጠብቃለሁ።

"አንቺ ደግሞ ምን ትገተሪያለሽ?" አለችኝ እማዬ አፏ እንደሞላ። "ወጥተሽ ተጫወቺ።"

ወጣሁ። አባዬ ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ እትዬ ሁዋ በዓይናቸው አስወጥተውታል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከውስጥ የሁለቱ ድምፅ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ ይሰማል።

"ምን እያሉ ነው?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"እየበላች ነው?"

"እየበላች ነው።"

አባዬ ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ደፋ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚስቅ መስሎኝ እኔም አብሬው ሳቅኩ።